ሜሪ ዩርን በባሎቿ በኩል ለሚተርክ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በግላስጎው ተወልዳ በለንደንና በኒው ዮርክ መድረኮች ስለ ተወነችው ስኮትላንዳዊት ተዋናይት ስለ ሜሪ ዩር በአማርኛ የተጻፈ አንድ መጣጥፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ስለ እርሷ በቋንቋችን የሚጻፍ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ ንባቡን የጀመርኩት በደስታ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጽሑፉ ተዋናይቷን ከመድረኩ አውርዶ በሁለት ትዳሮችና በአንድ አሳዛኝ አሟሟት መካከል የሚያስቀምጥ ሆኖ ስላገኘሁት መልስ መስጠት ተገቢ መሰለኝ። የጸሐፊው መከራከሪያ ሲጠቃለል የሚከተለው ነው፦ ሜሪ ዩርን ፈልጎ ያገኛትና ለዝና ያበቃት የመጀመሪያ ባሏ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ጆን ኦስቦርን ነው፤ «ወደ ኋላ በቁጣ ተመልከት» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ ዝነኛ ያደረጋትን የአሊሰን ሚናም የጻፈው ለእርሷ ብሎ ነው፤ ያ ሚና ግን ልብስ ከመተኮስ ስለማያልፍ ብዙ ችሎታ አይጠይቅም፤ ከዚያ በኋላ በዋናነት የፊልም ተዋናይት ሆና በሁለተኛ ባሏ በሮበርት ሾው ዝና ሥር ተሸፍና ኖረች፤ በመጨረሻም «የተረገመ» ተውኔት ሕይወቷን ቀጠፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦስቦርን አገኛት ለሚለው፣ የጊዜውን ቅደም ተከተል መመልከት ብቻውን በቂ መልስ ነው። ሜሪ ዩር የተወለደችው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1933 ሲሆን አባቷ መሐንዲስ ነበሩ። ትምህርቷን የተከታተለችው በሰሜን እንግሊዝ በዮርክ ከተማ፣ ኩዌከሮች የተባሉ የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ባቋቋሙት የማውንት ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። በ1951 የከተማዋ ነዋሪዎች ለዘመናት ተቋርጠው የቆዩትን የመካከለኛው ዘመን ሃይማኖታዊ ተውኔቶቻቸውን በአንድ ጥንታዊ ገዳም ፍርስራሽ ላይ እንደገና ሲያሳዩ የእመቤታችንን የማርያምን ሚና የያዘችው ይህችው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ነበረች። (ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣችውና ኋላ ታዋቂ ተዋናይት የሆነችው ጁዲ ዴንችም በዚያው ትርኢት ውስጥ ትንሽ የመልአክ ሚና ነበራት።) ለንደን ሄዳ በሴንትራል የንግግርና የድራማ ትምህርት ቤት ከሠለጠነች በኋላ በ1954 በፈረንሳዊው ዣን አኑዊ «የታወሰው ጊዜ» በተባለ ተውኔት የአማንዳን መሪ ሚና አገኘች። በዚያ ተውኔት አብረዋት የተጫወቱት ፖል ስኮፊልድና ማርጋሬት ራዘርፎርድ ነበሩ፤ ለጀማሪ ተዋናይት ከዚህ የበለጠ አጀማመር ማሰብ ያስቸግራል። በ1955 ደግሞ ፒተር ብሩክ ባዘጋጀው «ሐምሌት» ከስኮፊልድ ፊት ኦፌልያን ተጫውታ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከቡድኑ ጋር ሞስኮ ድረስ ዘለቀች።

በዚያን ጊዜ ኦስቦርን የት ነበር? በክፍለ ሀገር ትያትር ቤቶች የሚንከራተት፣ ሥራ ሲጠፋበት ቴምዝ ወንዝ ላይ በታሰረች ጀልባ ውስጥ የሚኖር፣ ተውኔቱን ያነበቡ ወኪሎች የመለሱበት ተዋናይ ነበር። «ወደ ኋላ በቁጣ ተመልከት» የተባለውን ሥራውን የጻፈው በ1955 ሲሆን መነሻ ያደረገውም ከመጀመሪያ ሚስቱ፣ ከተዋናይት ፓሜላ ሌን ጋር የነበረውንና እየፈረሰ የነበረውን ትዳር ነው። ስለዚህ የአሊሰንን ሚና ለሜሪ ዩር ብሎ ጻፈው የሚለው አባባል ሊሆን የማይችል ነገር ነው፤ ከአሊሰን ጀርባ ያለችው ሌላ ሴት ናት። ጆርጅ ዴቫይን አዲስ ያቋቋመው የእንግሊዝ ስቴጅ ካምፓኒ ጽሑፉን ተቀብሎ ሜይ 8 ቀን 1956 ለንደን ውስጥ ስሎን ስኩዌር በሚገኘው ሮያል ኮርት ትያትር መጋረጃውን ሲከፍት፣ ከተሳታፊዎቹ መካከል በለንደን ታላላቅ መድረኮች አስቀድማ ስም ያተረፈችው ሜሪ ዩር እንጂ ደራሲው አልነበረም። ከጥቂት ሳምንታት በፊትም በዚያው መድረክ በአርተር ሚለር «ክሩሲብል» ውስጥ አቢጌይልን ተጫውታ ነበር። ኦስቦርንና ሜሪ ዩር የተጋቡት በ1957፣ ማለትም ተውኔቱ ከታየ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ጸሐፊው ለዚህ ክፍል በዋናነት የተመረኮዙት በኦስቦርን የግል ታሪክ ላይ መሆኑን ከትረካቸው መረዳት ይቻላል። ይህ ምንጭ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለ ሜሪ ዩር የሚናገረው ሁለተኛው ቅጽ የወጣው በ1991፣ እርሷ ከሞተች ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ በመሆኑ መልስ የመስጠት ዕድል አልነበራትም። ኦስቦርን በዚያው መጽሐፍ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ሞተችው አራተኛ ሚስቱ፣ ስለ ጂል ቤኔት፣ የጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ደራሲው ስለ ቀድሞ ሚስቶቹ ሲናገር ፍትሐዊ ዳኛ አድርጎ ሊወስደው አይችልም። ብርቱ ጸሐፊ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ብርቱ ጸሐፊ የጻፈው ቂም ቂምነቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የጎን ነገር ልጨምር። ሮያል ኮርት ለእኛ አንባቢዎች ሩቅ ስም አይደለም፤ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1959 ወደ አውሮፓ ሄደው የትያትር ጥበብን ካጠኑባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ትያትር ነበር። «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን በአማርኛ ያገኘነውም በእርሳቸው ብዕር ነው። ሜሪ ዩር በሁለቱም ተውኔቶች ዋና ዋናዎቹን የሴት ሚናዎች ስለ ተጫወተች፣ የአማርኛ አንባቢ የእርሷን ሥራ ለመመዘን የሚያስችል መሠረት አለው ብዬ አምናለሁ።

አሊሰን ልብስ ከመተኮስ ያለፈ ሚና አይደለችም የሚለው ነጥብ ከሁሉም በላይ ሊመረመር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የሳቱት ስለ አንዲት ሴት ብቻ ሳይሆን ስለ ትወና ራሱ ነው። ተውኔቱ የሚከፈተው በእሑድ አመሻሽ፣ በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል በሚገኝ ከተማ፣ በአንዲት የጣሪያ ሥር ክፍል ውስጥ ነው። የአሊሰን ባል ጂሚ ፖርተርና ጓደኛው ክሊፍ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል፤ አሊሰን የባሏን ሸሚዝ ለብሳ ልብስ ትተኩሳለች። ጂሚ ጋዜጦቹን፣ መንግሥትን፣ የሚስቱን ቤተሰብ፣ በመጨረሻም ራሷን ሚስቱን እየተሳደበ ረጅም ንግግሮችን ያዥጎደጉዳል፤ እርሷ ግን ብዙ ጊዜ አትመልስለትም። ጸሐፊው ይህን አለመመለስ የተዋናይቷ ሥራ አለመኖር አድርገው ቆጥረውታል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጂሚ የሚጮኸው መልስ ለማግኘት ስለሆነ፣ የአሊሰን ዝምታ በዚያች ክፍል ውስጥ ያላት ብቸኛ መከላከያ ነው። ዝምታው ባዶ ከሆነ ጂሚ ለግድግዳ የሚናገር ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ዝምታው ሞልቶ ከታየ ግን ተመልካቹ ሁለት ሰዎች ሲታገሉ ያያል፤ አንደኛዋ አፏን ሳትከፍት።

ከዚህም በላይ የሚከብድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ገቢር አሊሰን ማርገዟን ለክሊፍ ትነግረዋለች፤ ለጂሚ ግን ገና አልነገረችውም። ከዚያ በኋላ ባለው ትዕይንት ተመልካቹ ጂሚ የማያውቀውን ምስጢር ያውቃል፤ ምስጢሩን በፊቷና በትከሻዋ ተሸክማ መቆም የተዋናይቷ ፈንታ ነው። ጂሚ በንዴቱ ልጅ ወልዳ ልጁ ቢሞትባት እንደሚወድ ሲናገር፣ እርሷ የምትመልስበት ቃለ ተውኔት የለም። ያን እርግማን የሰማች እናት ምን እንደምትሆን ያለ አንዲት ቃል ማሳየት አለባት። ባሏን ትታ ሄዳ፣ በመጨረሻው ገቢር ጽንሱ ከወረደባት በኋላ ስትመለስ እስከዚያች ደቂቃ ያፈነችው ሁሉ ይፈነዳል፤ ፍንዳታው የሚታመነው ደግሞ ተዋናይቷ ከዚያ በፊት በነበረው ሰዓት ሁሉ ኃይሏን አጠራቅማ ከቆየች ብቻ ነው። መተኮሻውን በሚመለከት ደግሞ ሦስተኛው ገቢር ሲከፈት በዚያው ጠረጴዛ ላይ የጂሚን ሸሚዝ ለብሳ ልብስ የምትተኩሰው በአሊሰን ቦታ የገባችው ጓደኛዋ፣ ሄለና፣ ናት። ደራሲው መተኮሻውን ያስቀመጠው የአሊሰንን ትንሽነት ለማሳየት ሳይሆን፣ በዚያ ቤት ማንኛዋም ሴት የምትቆምበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነው።

ይህን ሁሉ በግምት ብቻ አልናገርም። በ1959 ቶኒ ሪቻርድሰን ተውኔቱን ወደ ፊልም ሲያዞረው የጂሚን ሚና በመድረክ ከተጫወተው ከኬኔት ሄይ አንሥቶ ለሪቻርድ በርተን፣ የሄለናን ደግሞ ለክሌር ብሉም ሰጥቷል፤ አሊሰንን ግን አልለወጠም። በርተን ድምፁን ከፍ አድርጎ በሚናገርባቸው ትዕይንቶች ፊልሙን የሚመለከት ሰው ዓይኑን ወደ ሜሪ ዩር ቢያዞር የምለውን ያገኘዋል። በመካከሉም ተውኔቱ በኦክቶበር 1957 የኒው ዮርክ ታላላቅ ትያትር ቤቶች መንደር የሆነው ብሮድዌይ ደርሶ ስለነበር፣ በ1958 ቶኒ ለተባለው የአሜሪካ የትያትር ሽልማት በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጭታለች። ሽልማቱን የወሰደችው ሄለን ሄይስ ስትሆን፣ ያሸለማት ተውኔት ሜሪ ዩር ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት ለንደን ላይ የጀመረችበት ያው የአኑዊ ሥራ መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው፤ የያዘችው ሚና ግን ሌላ ነበር።

በዋናነት የፊልም ተዋናይት ነበረች ለሚለው መልሱ አጭር ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን መጣጥፉ የመድረክ ሥራዎቿን ከሞላ ጎደል ስላልጠቀሳቸው ዋና ዋናዎቹን ላስታውስ። በኦክቶበር 1956 ለንደን በሚገኘው ኮሜዲ ትያትር፣ በፒተር ብሩክ አዘጋጅነት፣ በአርተር ሚለር «ከድልድዩ ላይ ሲታይ» ውስጥ ካትሪንን ተጫውታለች። በጊዜው ማንኛውም ተውኔት በአደባባይ ከመታየቱ በፊት የቤተ መንግሥቱን ሹም፣ የሎርድ ቻምበርሌንን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ሹሙ አንድ ወንድ ሌላውን ወንድ የሚስምበትን ትዕይንት ስላልተቀበለው ትያትር ቤቱ በስም የአባላት ክበብ ተደርጎ፣ ተመልካቹ አባልነት እየከፈለ እንዲገባ ተደረገ። ያ ቁጥጥር በሕግ የተሻረው በ1968 ነው።

በ1959 በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ፣ በመቶኛው የሼክስፒር የትያትር ወቅት፣ ሁለት ሚናዎችን ይዛለች። በፒተር ሆል አዘጋጅነት በቀረበው «የበጋ ሌሊት ሕልም» ቲታኒያን ስትጫወት የአህያ ራስ የተደረገለትን ቦተምን የተጫወተው ቻርልስ ሎተን ነበር። በ«ኦቴሎ» ደግሞ ዴዝዴሞና የሆነችው ከጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝና ተዋናይ ከፖል ሮብሰን ጋር ነው። ሮብሰን ለስምንት ዓመት ያህል ፓስፖርቱን በአሜሪካ መንግሥት ተነጥቆ ቆይቶ የተመለሰለት ገና ከአንድ ዓመት በፊት ሲሆን፣ ዕድሜው ስድሳ አንድ ነበር። ከእርሱ ጋር ዴዝዴሞናን የተጫወቱት ሴቶች በ1930 ለንደን ላይ ፔጊ አሽክሮፍት፣ በ1943 ብሮድዌይ ላይ ዩታ ሄገን፣ ቀጥሎም ሜሪ ዩር ናቸው። በዚህ ተርታ ውስጥ የምትሰለፍን ተዋናይት «በዋናነት የፊልም» ማለት ሚዛን የሳተ አነጋገር ነው። በ1960 ብሮድዌይ ላይ በዣን ዢሮዱ ተውኔት፣ «የመላእክት ፍልሚያ»፣ ከቪቪየን ሊ ጋር ፊት ለፊት ቆማለች፤ በ1961 ወደ ሮያል ኮርት ተመልሳ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተወረሰው «ቼንጅሊንግ» በተባለው የደም ተውኔት ቤያትሪስን ተጫውታለች። ቤያትሪስ የማትወደውን እጮኛዋን ለማስገደል የአባቷን አገልጋይ ቀጥራ በገዳዩ እጅ የምትወድቅ ሴት ስለሆነች፣ ከአሊሰን ዝምታ እጅግ የራቀች ናት፤ ሁለቱን ሚናዎች በአምስት ዓመት ውስጥ የያዘች ተዋናይትን በአንድ ሚና መወሰን አይቻልም። ፊልሞቿ በቁጥር ጥቂት ናቸው። «ወንዶች ልጆችና ፍቅረኞች» በተባለው የ1960 ፊልም ያሳየችው የክላራ ዶውስ ትወና እጅግ ጥሩ ነው፤ ሰው በብዛት የሚያስታውሳት ግን በ1968ቱ የጦርነት ፊልም «ንሥሮች የሚደፍሩበት» ውስጥ ከበርተንና ከክሊንት ኢስትውድ ጎን ነው፤ ያም ከሥራዋ ሁሉ ትንሹን የሚጠይቅ ነበር።

የሮበርት ሾውን ጥላ በሚመለከት ጸሐፊው አንድ ግማሽ እውነትና አንድ ግልጽ ስሕተት አቅርበዋል። ስሕተቱን እናስቀድም፤ ሜሪ ዩር «የሻርኩ ፊልም ኮከብ ሚስት» ሆና እንደ ኖረች ተጽፏል። «ጆውስ» የተባለው ያ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በጁን 1975 ነው፤ እርሷ የሞተችው በኤፕሪል መጀመሪያ ስለሆነ ባሏን በዓለም ዙሪያ ያሳወቀውን ፊልም ተመልካች ሲያየው አላየችም። ሁለቱ በ1963 ሲጋቡ ከሁለቱ መካከል የቶኒም የኦስካርም እጩ የነበረችው እርሷ ናት፤ ሾው ለኦስካር የታጨው በ1966 በወጣ ፊልም ነው።

ግማሽ እውነቱ ይህ ነው፦ ከ1963 በኋላ በመድረክ ላይ የታየችባቸው ጊዜያት እየሳሱ ሄዱ። ምክንያቱን ግን ጸሐፊው በችሎታዋ ማነስ ላይ ጥለውታል። አራት ልጆችን ያሳደገች፣ ከሾው የቀድሞ ትዳር የመጡ ሌሎች አራት ሴቶች ልጆችም የነበሩበትን ቤተሰብ የተቀላቀለች ሴት ናት። ባልየው ከአገር አገር እየዞረ ፊልም ይሠራ፣ በመካከሉም ልቦለድና ተውኔት ይጽፍ ነበር። የመድረክ ሥራ በሳምንት ስምንት ትርኢት የሚጠይቅ በመሆኑ ይህን ኑሮ ከዚያ ጋር ማስታረቅ የነበረበት ማን እንደ ነበር ለመገመት አያስቸግርም። በቤቱ ውስጥ የመጠጥ ችግር እንደ ነበርም የታወቀ ነው፤ ችግሩ ግን የእርሷ ብቻ አልነበረም።

እንዲያም ሆኖ በኖቬምበር 1971 በሃሮልድ ፒንተር «ያለፉ ጊዜያት» ወደ ብሮድዌይ ስትመለስ የያዘችው ኬትን ነው። አብረዋት የነበሩት ባሏና ሮዝመሪ ሃሪስ ሲሆኑ፣ አዘጋጁ ፒተር ሆል ነበር። በተውኔቱ ባልና የቆየች ጓደኛ ኬትን እርስ በርሳቸው ሲሻሙባት፣ ስለ እርሷ ሲያወሩ፣ እርሷ እዚያው ተቀምጣ እንደ ሌለች ሲቆጥሯት ይቆያሉ፤ እርሷም አብዛኛውን ጊዜ ትሰማለች። በመጨረሻ አፏን ስትከፍት ሁለቱንም በአንድ ንግግር ታሸንፋቸዋለች። አሊሰንን ያየ ሰው ይህ ሚና ለምን ለእርሷ እንደ ተገባ ይረዳል። ጸሐፊው ይህን ተውኔት በአንድ ሐረግ «ከባሏ ጋር የተሳተፈችበት» ብለው ማለፋቸው፣ ከጽሑፉ ሁሉ በላይ የቆጨኝ ቦታ ነው።

«የተረገመ» ስለ ተባለው ተውኔት የማያከራክሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ዶን ቴይለር አስቀድሞ በ1972 ለቢቢሲ ቴሌቪዥን የሠራው «ኤክሶርሲዝም» ወደ መድረክ ተዛውሮ ኤፕሪል 2 ቀን 1975 በኮሜዲ ትያትር ተከፈተ፤ ይህም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ካትሪንን የተጫወተችበት ያው ቤት ሲሆን፣ ዛሬ የሃሮልድ ፒንተር ስም ተሰጥቶታል። ታሪኩ በገጠር ጎጆ የገና ምሳ ለመብላት ስለ ተሰበሰቡ ሁለት ባለጠጋ ባልና ሚስቶችና፣ በዚያው ቤት በረሃብ ስለ ሞተች የጥንት ሴት መንፈስ ነው። በማግስቱ ሜሪ ዩር በአርባ ሁለት ዓመቷ ሞታ ተገኘች። የሞቷ ምክንያት አልኮልና ባርቢቹሬት የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት አንድ ላይ መወሰዳቸው ሲሆን፣ አሟሟቱም ድንገተኛ አደጋ ነው ተብሏል። ባርቢቹሬት በዚያን ዘመን እንቅልፍ ላጣ ሰው ሐኪም በቀላሉ የሚያዝዘው ነበር፤ በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፣ አልኮልም እንደ እርሱ ትንፋሽን የሚያዳክም ስለሆነ ልዩነቱን ከቶ ያጠፋዋል። በብዙ አገሮች ከሐኪሞች የማዘዣ ወረቀት ላይ ቀስ በቀስ እየጠፋ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ለማስረዳት መንፈስ መጥራት አያስፈልግም፤ ተውኔቱን ገዳይ አድርጎ ማቅረብ ደራሲውንና አብረዋት የሠሩትን የሚያሳዝን፣ የእርሷንም የመጨረሻ ሌሊት ለአስፈሪ ተረት ማጣፈጫ የሚያደርግ ነው።

በ1974 መገባደጃ ኒው ዮርክ ላይ «ፍቅር ለፍቅር» ከተባለ ተውኔት ከሚናዋ እንድትነሣ መደረጓንና ተጠባባቂዋ ግሌን ክሎዝ መተካቷን ጸሐፊው በትክክል ጠቅሰዋል፤ ያም ለክሎዝ የመጀመሪያው የብሮድዌይ ሥራ ሆኗል። ሆኖም ታሪኩን በዚያ አበቁና ከዚያ በቀጥታ ወደ ሞቷ ዘለሉ። በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ወራት አንዲት ተዋናይት ከዚያ ውርደት በኋላ ለንደን ተመልሳ፣ አዲስ ሚና አጥንታ፣ ልምምዱን ጨርሳ በመክፈቻው ምሽት መድረክ ላይ የቆመችባቸው ናቸው።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ለኦስካር ታጨች እንጂ አልተሸለመችም፤ በ1960 ፊልሞች በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ያሸነፈችው ሸርሊ ጆንስ ናት። ከስኮፊልድ ጋር የሠራችባቸው የመድረክ ሥራዎች በመጣጥፉ እንደ ተጻፈው አንድ ሳይሆኑ ሁለት ናቸው። እንዲሁም ጸሐፊው በርእሳቸው «እንግሊዛዊቷ» ብለዋታል፤ ግላስጎው ግን በስኮትላንድ ነው።